ጉርድ ላይ

ከጦሳ ላይ ወርዶ ጉሙ ጣራ ሲያለብስ፣
አሮጌው አውቶቡስ ሞተሩን ሲቀሰቅስ፣
መናኸሪያው ደጃፍ፣ ከቆርቆሮው ክፍል፣
ትኬት እቆርጣለሁ፣ በመስኮት፣ ትሪ በሚያክል።

መንገደኛው ይሄዳል፤ ጉርዱ ግን ይቀራል፤
ከጉርዱ ጀርባ ላይ ባዶ ቦታ ይተርፋል፣
ስፋቱ ሦስት ጣት።
እዚያ ላይ ነው እኔ፣ በየቀኑ አንዲት ሴት
በእስክሪብቶ የምስል፣
የመጀመሪያው መኪና ከመውጣቱ በፊት።
ሌላው በዚህ ሰዓት ይሰግዳል፣ ይሳለማል፤
የእኔ እጅ አንድ ፊት ሳይስል መች ይሞቃል?

መጀመሪያ የሣልኩት እትዬ ዘሐራን፣
የገራዶዋን አዋላጅ፣ ባለ ሰፊ መዳፏን፤
ባትሪዋን በጥርሷ ነክሳ ወንዝ የተሻገረች፣
ለአንድ ሕፃን ስትል ጫማዋን ለጎርፍ የሰጠች።
አፍንጫዋን አበላሸሁት፤ እስክሪብቶው አስነጠሰና።
ዓይኗ ግን እሷው ነው።

በማግስቱ ሙፍቲያን፣ ሬዲዮ ጠጋኟን፣
ከሰኞ ገበያ ጥግ፣ የብየዳ ጭስ የጠገበ ሻሿን፤
«ሴት ልጅ ሽቦ ነክታ!» ብለው የሳቁባት
ዛሬ ስልክ ጨብጠው «እባክሽን» የሚሏት።

ከዚያ ዘርትሁንን፣ የኩታበሯን ሾፌር፤
ፍሬን የከዳት ቀን፣ ከገደሉ ድንበር፣
ሠላሳ ሁለት ነፍስ ከጉብታ አስጠግታ ያቆመች፤
ወርዳ፣ ጎማውን ረግጣ፣ «ውረዱ፣ ሻይ ጠጡ» ያለች።

ሐሙስ እማማ ሰይዳን፦
ከዱበርቲዎቹ መሀል ድምፅዋ የሚለየውን።
ዱላ የተማዘዙ ሁለት ወንድማማቾች ፊት
ነጠላዋን አንጥፋ «የደፈረ ይርገጣት!»
ብላ ተቀመጠች።
ማንም አልረገጠ።

አንዳንድ ቀን እምቢ ይላል። እጄ ይነጫነጫል።
አንዱን ጠዋት የሻሽ ቋጠሮ ብቻ ሣልኩ።
የእናቴ ነበረ። ከዚያ በላይ አልቻልኩ።

ተቆጣጣሪው መጣ፣ ጋሼ ይመር፤ ጉርዱን ገለጠ፤
ከመነጽሩ በላይ አየኝ፤ መልሶ ገለጠ።
«ይህ የማኅበሩ ወረቀት ነው!» አሥራ አምስት ብር ቀጣኝ።
ከፈልኩ። እሱም በሥርዓቱ ደረሰኝ ቆረጠልኝ።
የደረሰኙም ጀርባ
ባዶ ነበር።

ያላወቅኩት ግን የካርቦኑን ነገር።
ጉርዱን ገልብጬ ስጫን፣ ከስር ባለው ትኬት
ሰማያዊ ጥላዋ ይታተም ኖሯል፣ ጭል ጭል ያለ ፊት።
ከአሥር ቀን በኋላ አንድ ጎልማሳ ከመስኮቴ ቆመ፤
አራት የታጠፈ የባቲ ትኬቱን
ፈታ፣ በመዳፉ አቀና።
«ይችን ማን ሣላት?»
ዝም አልኩ፤ አሥራ አምስቱ ብር ትዝ ብሎኝ።
«አፍንጫዋ አልመጣም» አለ፣ «ግን እሷ ናት።
እኔንም፣ ልጆቼንም የተቀበለችን፤
በክረምቱ ቀበርናት፣ አንድ ፎቶ እንኳ የላት።»
ሌላ ትኬት አልገዛም። መንገደኛም አልነበር።
ከደረት ኪሱ ከተታት፤ ሰልፉን ሰንጥቆ ሄደ።

እንግዲህ ስንቷ ይሆን ሳላውቅ የተሳፈረች?
ሙፍቲያ ሚሌ ገብታ በሙቀት የቀለጠች፣
ሰይዳ በሰው ኪስ ውስጥ ሐይቅን አልፋ ውርጌሳ፣
ዘርትሁን፣ ሾፌሯ፣
በሌላ ሰው መኪና፣ ያለ ጭንቅ፣ እንቅልፍ ይዟት፣ ተንተርሳ።
የእናቴ ቋጠሮ ወዴት ሄደ? ማን ያዘው?
ምናልባት አንዱ ሒሳብ ሠርቶበት ጣለው።

ዛሬም ጉም ነው። ከመስኮቱ ማዶ ሰው አይለይም።
አንድ እጅ ገባ፤
አውራ ጣቱ በጨርቅ የታሰረ፣ ጥፍሩ ላይ ኖራ የደረቀ፣
ሳንቲሙን አንድ በአንድ የሚቆጥር።
«ለሐይቅ፣ አንድ ሰው» አለች።
ፊቷን ጉሙ በላው። ስሟን አልጠየቅኩም።

እጇን ሣልኩ።
ካርቦኑን አላነሣሁም።