የካቲት በሂኖሃራ

ከሩቅ ላየው ሰው ጋራው የሚቃጠል ይመስላል፤
ነፋስ ዝግባውን ሲነካው ቢጫ ጢስ ሽቅብ ይተናል።
ጢስ አይደለም፤ ዱቄት ነው። ቀጭን፣ ከወንፊት ያመለጠ፣
ለሴቴ አበባ ተልኮ በሰው አፍንጫ የሰረጠ።

ቶኩጂሮ መስኮቱን ዘግቶ ቆሟል፤ ሰማንያ ስድስት ዓመቱ፤
ዐሥራ አራት ሳለ ነው ችግኝ ያዘለ፣ ሳይጠና ጉልበቱ።
ጦርነት ጋራውን ላጭቶት፣ ለማገር እንኳ ዛፍ ጠፍቶ፣
«ትከሉ» ተባለ፤ ተከለ፤ በቀን ሁለት መቶ፣
ምሳው አንድ ድቡልቡል ሩዝ፣ ቁልቁለቱን ተደግፎ፣
ለልጅ ልጅ ጣሪያ ይሆናል ብሎ፣ ችግኟን እንደ ጫጩት አቅፎ።

ጣሪያ ሆነ።
የልጅ ልጁ ኮናሚ ከሥሩ ተኝታ በአፏ ትተነፍሳለች፤
ከዓይኗ ሥር ጠቁሮ፣ ማንም ሳይነካት የተመታች መስላለች፤
አፍንጫዋ ታፍኖ አድሮ፣ ቀን ክፍል ውስጥ ታንጎላጃለች።
መምህሯ ሲጠሯት ዝም። «ልጅቷ ችላ አለች» ተባለ፤
ጆሮዋ ግን ውኃ ቋጥሮ፣ ድምፅ ደጅ ሲጠና ዋለ።

ሐኪሟ ኢሶቤ ራሳቸውም ጭንብል አጥልቀው፣ ዓይናቸው ቀልቶ፣
ጥያቄ ያወርዱ ጀመር፣ ብዕራቸው ቅጹ ላይ ተግቶ፦
«እናት?» «ታስነጥሳለች።» «አባት?» «እሱማ ከእሷ ይብሳል።»
«ቤት ውስጥ ሲጋራ?»
ቶኩጂሮ አንገቱን ደፋ። ያጨሳል።
«አፍንጫ በር ነው» አሉ። «በሩ ሲታመም ቤቱ ይጎዳል፤
ከግንባሯ ሥር መግል ይቋጠራል፤ ደረቷም ማፏጨት ይለምዳል።»

በባቡሩ ቆጠረ ሽማግሌው፦ ከዐሥር ሰው አራት፣
ዓይኑን የሚያሽ፣ ሶፍት የጨበጠ እንደ ትኬት።
አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይቀበላል፤ ቅብብሉ አያልቅም፤
ማንም ማንንም ቀና ብሎ አያይም፤ አንድ ቃል አይልም።

በእኔ ቋንቋ ቃል አለው ይኼ፦ «ይማርሽ» ይባላል፤
ያስነጠሰ ሰው ምን እንዳጠፋ ግን ማን ያውቃል?

ጋራው በመስኮት ቀረበ፤ ረድፍ በረድፍ፣ የእጁ ጽሑፍ።
«የትኛው ነው ያንተ?» አለች ልጅ፣ ሰባቴ አስነጥሳ ስታርፍ።
«ሁሉም» ሊላት ብሎ ተወው። የሲጋራ ፓኮውን በኪሱ ውስጥ አደቀቀ፤
ደግማ አስነጠሰች። ራሱን ዝቅ አደረገ፣
ለእሷ ይሁን ለጋራው አልታወቀ።

ፊት ለፊቱ ተቀምጬ፣ በልቤ፣
«ይማርህ» አልኩ፣ ላላስነጠሰው።