ሦስት ባዶ ቀዳዳ

የሊማ ክረምት ነው፤ ሰማዩ ዐመድ፣
ዝናብ እንዳይባል ጠብ የማይል ጉድ፣
ካፊያ እንዳይሉትም ጃንጥላ አያዘረጋ፣
እንዲሁ እርጥብ ነው፣ ሲመሽም ሲነጋ።

ከአሸዋው ሰፈር ሁለት አውቶቡስ ቀይረን
ዊልሰን ጎዳና ወረድን፣ መንገዱን ሙሉ ተከራክረን።
እኔ፦ «አንዱን ያለቀለት ገዝተን ብንገላገል?»
ሶይላ፦ «ያለቀለትማ፣ አባ፣ አለቀለት፤ በላዩ ምን ይቀጠል?»

ዘጠኝ መቶ ሶል ነው፣ የስምንት ወር የባጃጅ ትራፊ፣
በካልሲ ጠቅልዬ ይዤዋለሁ፤ መንገዱ ዘራፊ።
የሷ ጓዝ ደግሞ አንድ የደብተር ቅጠል፣
ተጽፎ፣ ተፍቆ፣ ተጽፎ፣ ሊበሳ የደረሰ ከእርሳሱ ትግል።

የኤዲልቤርቶ ሱቅ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤
የመስታወት ሣጥን አወጣ፣ ሆዱ ውስጥ ቀስተ ደመና የሚዞረው።
«እዪው የኔ እመቤት፣ ኮምፒውተር ይሄ ነው፤ ያበራል፣ ይዘፍናል!»
ዞር ብላም አላየችው፦ «መብራት እቤት አለን፤ አምፖል ይበቃናል።»

ማዘርቦርድ አነሳች፤ ሶኬቱ ላይ አቀረቀረች፤
እንደ ጥርስ ሐኪም፣ የተጣመመ መርፌ እንዳለ ፈለገች።
«ይሄ ከዚያኛው በሰማንያ ሶል ይበልጣል» አልኳት በሹክሹክታ።
«ይብለጥ፤ ነገ የሚመጣውን ፕሮሰሰርም ያስተናግዳል ይሄ ቦታ።»

ለዛሬ የሚሆነው ግን አሮጌ፣ ከተዘጋ የጉዞ ወኪል ቢሮ የወጣ፣
አናቱ ላይ ቅባቱ ደርቆ እንደ ኖራ የነጣ።
ራሙ አንድ ፍሬ፤ ለአራት ቀዳዳ አንድ!
ሦስቱ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፣ እንደ ጠባቂ ዘመድ።
ግራፊክስ ካርድ? «ይቆያል።» ሁለተኛ ዲስክ? «ይቆያል።»
ኬዙ ጎኑ የተሰረጎደ ነው፤ በነፃ ሊባል ይችላል።

ፓወር ሳፕላይ ላይ ብቻ አንዲት ሶል አልሰሰተችም፤
ርካሹን በእጇ መዘነች፤ ቀለለባት፤ መለሰችው፤ አልተናገረችም።
ኤዲልቤርቶ ሳቁን ዋጠ። «ማን አስተማራት?» አለኝ።
እኔ ምን አውቄ! ባጃጅ ነው ያለኝ።

ማታ ዴልሚራ ከስፌት ጠረጴዛዋ ላይ
የሰው ቀሚስ አንስታ ቦታ ለቀቀች።
ብሎኑ በሻይ ስኒ፣ ሽቦው በየፈርጁ፤
ሶይላ ቁልፉን ተጫነች።

ፋኑ ዞረ። ስክሪኑ ጨለማ።
አጠፋች። አበራች። ጨለማ።

ዘጠኝ መቶ ሶል ሲጨልም አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አየሁት፤
የስምንት ወሩን መንገድ፣ ጉድጓድ በጉድጓድ፣ ተቀምጬ ቆጠርኩት።
ዴልሚራ መርፌዋን ያዘች፤ ክር ግን አልነበረበትም።
«ይመልሱልን ይሆን?» አልኩ። የመለሰልኝ የለም።

ልጅቷ ሶኬቱን ነቀለች፤ ራሙ ላይ አውራ ጣቷን አሳረፈች፤
እንደማባበልም፣ እንደ ቁጣም፣ ጫን አለች።

ጠቅ።

ከዚያ ወዲያ ነጭ ፊደል ጥቁሩ ላይ ፈሰሰ።
ዴልሚራ በእጇ አፏን ያዘች። የኔ ዓይን... ተዉት፣ ጉሙ ነው ያረጠበው፣ ደረሰ።

ሲተኙ ጣሪያው ላይ ወጣሁ፤ ሰፈሩ ጉም ለብሷል።
ከየቤቱ አናት ላይ ግን ብረት ወደ ላይ ቀጥ ብሏል፤
አራት እዚህ፣ አራት እዚያ፣ እስከ ኮረብታው ድረስ፤
ፎቁን የጨረሰ ሰው የለም፣ አንድም የለም፣ እዚህ ሰፈር አካባቢ ቢታሰስ።

የኛውን ያቆምኩት እሷ ሳትወለድ ነው።
ግንበኛው «ልቁረጠው?» ሲለኝ፣ «ተው፣
አንድ ቀን ሁለተኛ ፎቅ ይወጣበታል» አልኩት።
ዝናብ ባይኖርም እርጥበት አለና
በየጫፉ የፕላስቲክ ጠርሙስ ደፋሁበት።

ከነዚህ ብረቶች ስር ነው ልብስ ስታሰጣ ያደገችው፤
አንድም ቀን «ለምንድነው?» ብላ አልጠየቀችኝም።

አንዱ ጠርሙስ ወድቆ ነበር።
በጨለማ ዳብሼ አገኘሁት፤
ውሃውን አራግፌ አናቱ ላይ መለስኩት።