የሌለው ፍሬን

ጋቢና ተቀምጬ ከፒያሳ ስወርድ፣
ከማዘጋጃው በታች ታክሲው ሲንደረደር፣ ቁልቁለቱ ሲከብድ፣
ቀኝ እግሬ ይነሣል ሳላዘው በድንገት፣
ወለሉን ይረግጣል ፍሬን እንዳለበት።
ሾፌሩ ይስቃል፣ የልጅ ልጄን ያህላል፣
«እማማ፣ እዚያ ጋ ምንም የለም» ይላል።

የለም።
አውቃለሁ።
ያኔም አልነበረም።

ክረምት ነው፣ ስልሳ ዘጠኝ፤ ጃንሜዳ ውሎ አዳሩ ጭቃ፣
የወንድ ከስክስ አጥልቄያለሁ፣ አፍንጫው በጨርቅ የታጨቀ፣ እግሬን እስኪበቃ።
ሃምሳ አለቃ የውብዳር፣ የጋራዥ ሠራተኛ ልጅ፣
ቅባት የጠገበ፣ ማርሽ የለመደ እጅ።
«መኪናው ተደርድሮ የሚነዳው ጠፋ፤
ሃያ አንድ ቀን አለሽ» አለኝ መቶ አለቃው፣ ሲጋራውን እያጠፋ።

መጡ። ጎበዜ ከጋይንት፣ ኤርጌጦ ከዱራሜ፣
ቱሉ ከጊንጪ፣ አሥራ ስምንት ነኝ ያለ በአሥራ ስድስት ዕድሜ።
ሴት መሆኔን አይተው እርስ በርስ ተያዩ፣
ሞተሩ ሲያጓራ ግን ከኋላዬ ታዩ።
ጎበዜ ካሚዮኑን እንደ በሬው ቆጥሮ፣
«ቁም! ቁም አንተ!» ይለዋል፣ ፍሬኑን ዘንግቶ፣ መሪውን እንደ ዕርፍ ጨብጦ፣ ተወጥሮ።

ሌላ ፔዳል የለም እኔ በተቀመጥኩበት፣
አንድ የእጅ ፍሬን፣ አንድ ድምፅ፣ እሱም ጉንፋን የገባበት።
«ቁልቁለት ላይ ማርሽ ቀንስ! ፍሬን ብቻ አትመን፣ ይከዳል!»
እያልኩ እጮሃለሁ፤ እግሬ ከእነሱ ቀድሞ ባዶ ብረት ይረግጣል።

ፈተናው ቸርችል ነው፣ ዳገቱ መካከል፣
አስቁሞ፣ ወርዶ፣ ከኋላ ጎማው ሥር የክብሪት ቀፎ ማስተካከል።
ፍሪሲዮኑን በልክ ለቆ፣ ነዳጅ ሰጥቶ፣ ኋላ ሳይል ከወጣ፣
አለፈ፤ ሐሙስ ሌሊት ለጉዞ ተራው መጣ።
ቀፎው ከተደፈጠጠ ወደቀ፤ ሌላ ሳምንት ሾርባ፣
ሌላ ሳምንት ጭቃ፣ ሌላ ሳምንት ዕድሜ፣ ሲወጣ ሲገባ።

ይህን ማንም አልነገረኝም። በአራተኛው ዙር ገባኝ፣
ጥሩ አስተማሪ መሆኔ ያን ቀን አስፈራኝ።

ኤርጌጦ ሦስት ጊዜ ቆመ፣ ሦስቴም ተንቀሳቀሰ፣
ዝናብ ነው ያራሰው እንጂ ጎማው ቀፎውን አልዳሰሰ።
«አለፍኩ ወይ፣ አለቃ?» አለኝ፣ ጥርሱ እስኪታይ ስቆ፣
«አልፈሃል» አልኩት። ሐሙስ ሄደ፣ ብርድ ልብሱን በቀበቶ አጥብቆ።

ቱሉን ግን ጣልኩት። ጭጋግ ነበር፣ ማንም አላየ፣
ቀፎውን በተረከዜ ረገጥኩ፣ ጎማው ክንድ ያህል እንደተለየ።
አለቀሰ። «አልነካሁትም!» አለ፤ እውነቱን ነው፣
ውሸታሟ እኔ ነኝ፣ ማዕረጉ ክንዴ ላይ ያለው።
ጦርነቱ እስኪያልፍ ለገሃር ጀርባ የነዳጅ በርሜል ጠበቀ፣
ከዓመታት በኋላ ስታዲየም ጋ አየኝና፣ መንገድ ተሻግሮ ራቀ።
ምን ብዬ ልንገረው?

ስለ ኤርጌጦ ደግሞ ማንም ምንም አልጻፈልኝ፣
ያ ቀፎ አሁንም አለ፣ ጠርዙ ሳይታጠፍ፤ መርፌ አኖርበታለሁኝ።

«ለገሃር መጨረሻ!» ይላል ረዳቱ፣ በሩን ከፍቶ፣
ቁልቁለቱ አልቋል፣ ሜዳ ነው፤ ታክሲው ቆሟል ከተሰለፉት ተጠግቶ።
ሾፌሩ ይጠብቃል። «እማማ፣ ደርሰናል።»
እኔም እግሬን እጠብቃለሁ።
ገና አልለቀቀም።