የካስቲናው ሳጥን

ሥራዬ ዓይን ማዛወር ነው፤ ከሳጥን ወደ ሳጥን፣
በመሰላል ወጥቼ፣ ከፍቼ ያንን ግራጫ ክዳን።
ሳጥኑ አርባ ነው፤ ዓይኑ ግን ዘጠኝ፣
በቀረው ውስጥ ሸረሪት ነው የሚገኝ።
የቱ እንደሚያይ የምናውቅ እኔና አለቃዬ ብቻ፤
ሌላው ባዶውንም ሙሉውንም ይፈራል፣ አቻ ለአቻ።

ሰንበት ሲወጣ፣ ከሕንፃችን ሥር፣
በቅርያት ማላኪ ይጀመራል ክርክር።
ጋሽ ፈረደ የቅጣት ወረቀቱን በአራት አጥፎ
ከደረት ኪሱ ያወጣዋል፣ እንደ ክታብ አቅፎ፤
«ሰባት መቶ ሃምሳ ሸቀል! ፈጥነህ ሄድክ ብሎ!
ቁልቁለት አይደል እንዴ? መኪናው ነው የሄደ፣ እኔን አዝሎ።
ይሄ ጥበቃ አይደለም፣ መንገድ ዳር የቆመ ቀረጥ ነው፤
ሌባ እንኳ ፊቱን ያሳያል፣ ይሄ ምሰሶ ላይ ያደፈጠ ነው።»

ገረመው፣ ሃያ ዓመት የጭነት መኪና የነዳው፣
«ችግሩ መንገዱ ነው» ይላል፤ ሁሌም ይኸው ነው የሚለው።
«መብራት የለ፣ ድልድይ የለ፣ ለእግረኛ መሻገሪያ የለ፤
መንገዱ ታሟል፣ ሐኪም ጥሩ ስንል ፎቶ አንሺ ላኩ፤ እንዲህ ያለ ጉድ የት አለ?»

ወይዘሮ ዘርትሁን፣ ትምህርት ቤት የምታጸዳው፣ ሳቀች።
ነጠላ ጫማዋን በእግሯ ጣት እያወዛወዘች፣
«መኪና የለኝ፣ መንጃ ፈቃድ የለኝ፤ ያለኝ ሁለት እግር ነው፣
ሌሊት አሥራ አንድ ተኩል ላይ አውቶቡስ የምሮጥበት ነው።
እናንተ ሰባት መቶ ሃምሳ ትላላችሁ፤
እኔስ ስንት አወጣለሁ በሂሳባችሁ?
ይየኝ። ሰው ካላየኝ፣ ሳጥን ይየኝ።»

«እሷ ደግሞ!» አለ ጋሽ ፈረደ።
እኔ ሱፍ እየፈለፈልኩ ዝም።

ሌሎቹ ሲነሡ የእህቴ ልጅ ማታን ቀረ።
ዳቦ አከፋፋይ ነው፤ ነጥቡ ሞልቷል።
«አጎቴ፣ አንድ ቅጣት ብቻ ነው የቀረኝ፣ ከዚያ ፈቃዴን ይነጥቁኛል።
የቱ ነው ባዶ? ለማንም አልልም።»
ሥጋዬ ነው።
አፌን አልከፈትኩም፤ አገጬን ብቻ
ወደ ካስቲና መገናኛ ቀሰርኩ።
«እስከ ሐሙስ» አልኩ በመጨረሻ።

ረቡዕ ንጋት ጭጋግ ነበር።
እዚያ አልነበርኩም፤ የማወራው የሰማሁትን ነው።
ፍሬኑ ሰፈር ድረስ ጮኸ ይላሉ፣
ዳቦው በአስፋልቱ ላይ ተበተነ ይላሉ፣
ትኩስ ስለነበር ይጤስ ነበር ይላሉ።
ማታን «በሰማንያ ነበር የምነዳው» ብሎ ፈርሟል።

ወይዘሮ ዘርትሁን ተርፋለች።
ዳሌዋ ውስጥ ብረት አለ፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ታውቃለች።
ጋሽ ፈረደ አሁን ትራስ ያመጣላታል፣
ወረቀቱን ከኪሱ አያወጣም።
ባለፈው ሰንበት ምርኩዟን አግዳሚው ላይ አጋድማ ጠራችኝ፤
«አንተ ሳጥኑን የምትከፍተው፣ እስቲ እይልኝ።
እኔ ያየሁት ብርሃን ብቻ ነው።
እሱ ግን ፊት ለፊቴ ቆሞ ነበር፣ አይቷል።
አረንጓዴ ሻሽ ነው ያሰርኩት፤
በግራ እጄ የምሳ ዕቃዬ አለ፣ በእሱ ትለየኛለህ።
ስንት እንደነዳ እሱ ይናገር። ሌላ ምስክር የለኝም።»

«አያለሁ» አልኳት።

ያኔ፣ ሐሙስ፣ በሰዓቱ ወጥቼ ነበር።
ሸረሪቷን በጣቴ ጠረግሁ፣
ዓይኑን አስገባሁ፣ ቆለፍኩ።
ከመሰላሉ ሥር ወፎች
የደረቀ ፍርፋሪ ይለቅሙ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በአርባ ቁጥር መንገድ
በሰማንያ ነው የምነዳው፤ ባዶውን ባዶ መሆኑን እያወቅሁ።
ከኋላዬ ጥሩምባ ይነፋሉ፣
መብራት ያንቦገቡጋሉ፣ በዕብራይስጥ ይሰድቡኛል።
ትናንት አንዱ ወጣት አልፎኝ ሲሄድ
መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ በገዛ ቋንቋዬ ጮኸ፦
«ጋሼ፣ ባዶ ነው እኮ! ምን ያስፈራሃል?»