ሦስተኛው ማርሽ

ዳገት ሲጀምር ሦስተኛው ማርሽ ዘሎ ይወጣል፤
በቀኝ እጄ ጨብጬ ካልያዝኩት ማን ያምነዋል?
ሰማንያ ስድስት ኪሎ ሜትር ነው ከቤት እስከ ሆስፒታል፣
በሳምንት ሦስቴ፤ እዚያ የታውኖ ደም በማሽን ይታጠባል።

ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ፣
ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ቡና እየጠጣሁ ቆሜ፣
ከዚያ በረዶ ፍቄ ከመስታወት፣ ጊዜው ባለፈበት ካርድ፤
ታውኖ ቀድሞ ይገባል፤ ለሞተሯ ጆሮውን ይሰጣል በዚያ ብርድ።
«ዛሬ ደህና ናት» ይላል፣ ስለ በሽተኛ እንደሚያወራ፤
ስለ ራሱ ከጠየቅኩት ግን ወሬውን ያዞረዋል ወደ ተራራ።

ሁለት ጊዜ ጥላናለች።
አንዴ በመስከረም፤ እሱስ ምንም አይደል፣
እንጉዳይ ለቅመን ጠበቅን፣ ጎታቹ እስኪመጣ ድረስ።
ሁለተኛው ጥር ላይ ነው፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፤
ከጥድ በቀር ጎረቤት የለ፣ ከአጋዘን በቀር በዚያ መንገድ።
እግሩን በጭኖቼ መሃል፣ ከካፖርቴ ሥር አሙቄ፣
ደቂቃ ቆጠርኩ፤ ልጸልይ እንዳልል፣ ኖሬያለሁ እግዜርን ርቄ።
ግንድ የጫነ ካሚዮን ቆመ። ሹፌሩ ስሙን እንኳ ሳይነግረን፣
ታውኖን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሆስፒታሉ በር አደረሰን።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ እኔ «ትሸጥ» አልኩ፤ እሱ «ትጠገን» አለ።
ኤንሲዮ፣ መካኒኩ፣ ከሥሯ ተኝቶ ቆይቶ ወጣ፣
«እንጃ፤ አሥር ዓመት ትሄዳለች፣ ወይ እስከ ሐሙስ» እያለ።
«ካምቢዮው ሁለት ሺህ አራት መቶ፤ እሷ ግን ሺህ አታወጣ።
እኔ ብሆን...» አለና እጁን ጠረገ። የቀረው ቃል አልመጣ።

ማታ በወረቀት አሰላሁት፤ ጎማ፣ መድን፣ ናፍጣ፣
ሌላ ብንገዛ ደግሞ በየወሩ ከጡረታችን ስንት እንደሚወጣ።
የመጨረሻው ክፍያ የሚያልቀው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።
ታውኖ በትከሻዬ ላይ አየና «ስድስት ዓመት?» ብሎ ፈገግ አለ። ዞሬ ሳየው
እርሳሱን አስቀመጥኩ።
አንዳንዱ ሒሳብ መደመሪያ የለው።

ሮቫኒየሚ፣ ከመደብሩ ደጅ፣ ዮና የሚባል ልጅ ዞራት፤
ጭረቷን በስልኩ አነሳ፤ ጥርሷን መቁጠር ሲቀረው፣ እንደ ገበያ በቅሎ አያት።
«ሰባት መቶ» አለ። ታውኖ ኮፍያውን አስተካከለ፣ የተሰደበ ሰው ይመስል፤
«ባትሪዋ አዲስ ነው» አለ፣ ለማንም ሳይሆን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደሚያባብል።

ዕቃችሁን አውጡ ተባልን። ከክሩስኮቱ ሳጥን ውስጥ
የአንድ እጅ ጓንት፣ የዝንጅብል ከረሜላ፣ ሊብሬዋ፣
ደግሞ ያቺ ደብተር፤ ናፍጣ በሞላ ቁጥር ታውኖ በእርሳስ የጻፈባት፣
ቀን፣ ሊትር፣ ኪሎ ሜትር፤ አሥራ ሰባት ዓመት፣ አንድም ቀን ሳይዘልባት።
መጀመሪያ ቁጥሩ ቀጥ ያለ ነው፣ እንደ አጥር ግንድ፤
ወደ መጨረሻው ሰባቱ ይንቀጠቀጣል፣ አይለይም ከአንድ።
ከጥር ወዲህ ያለው ጽሕፈት የእኔ ነው። አላስተዋልኩም መቼ
እርሳሱን እንደሰጠኝ፤ ማደያው ጋ ተቀብዬው ይሆናል፣ ዝም ብዬ እጄን ዘርግቼ።

ልመለስ አልኩ። በእውነት። ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ ላንሳ።
ታውኖ እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋው።
«ፈርሚ» አለኝ፣ «እኔን መጎተት አነሰሽ? ሁለታችንን አትችይም።»
በሳቅ ነው ያለው። እኔም ልስቅ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

አዲሷ (አዲስ አይደለችም፣ አራት ዓመት የሌላ ሰው ነበረች)
ድምፅ የላትም። ዳገቱ ጋ ስንደርስ ቀኝ እጄ ማርሹን ጨብጧል፣
አውቶማቲክ ነው እኮ! እሱም አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል።
«ይሠራል እንዴ?» አለ። «ይሠራል።» «እርግጠኛ ነሽ?» «ይመስለኛል።»

ማደያው ጋ ሞላሁ። ደብተሩን ጭኑ ላይ ከፍቶ ጠበቀኝ፤
«እርሳሱን ስጪኝ» አለኝ። ሰጠሁት።
ቀን፣ ሊትር፣ ኪሎ ሜትር።
ሰባቱ አንድ ሆነ። እንዳለ ተውኩት።