ክፍል መቶ አርባ ሁለት

ጽጌረዳው ፈልቶ፣ በርሜሉ ተከድኖ፣
ሚዛኑ ተጣጥቦ፣ ሰው ሁሉ ተበትኖ፣
ከዘበኛው ጎጆ አራት ሆነን ገብተን፣
አንዲት ሪሞት ይዘን እንጣላለን ተግተን።
ካዛንላክ ከተማ በመዓዛው ሲተኛ
እንቅልፍ የለን እኛ።

ሴቭዳሊና መዛኟ፣ የቱርኩን ድራማ
ማየት ከጀመረች ቢጮሁ አትሰማ።
ሀንዳን ስታለቅስ መሀረብ ታወጣለች፣
አማቷ ስትገባ «እፉኝት!» ትላለች።

ኦግኒያን እሳት አንዳጅ፣ ምላሱም ያው እሳት፣
«የዚች ልጅ እንባ ቢቀዳ ወፍጮ ባዞርንበት!»
ነፍሱ ያለችው ግን በጋይዳ ከረጢት ውስጥ፣
የተነፋ ፍየል ብብት ስር ሲቁነጠነጥ።

ሹፌሩ ራኪፕ ደግሞ፣ ስድሳውን ጨርሶ፣
ሮክ ነው የሚሰማው፣ የብረት ላይ ለቅሶ።
«መስጊድ ስትደርስስ?» ብዬ ብጠይቀው
«ድምፁን እቀንሳለሁ» አለኝ፤ ምን ይሳነው!

እኔ ቬትካ፣ ሒሳብ ያዥ፣ መርማሪ ነው ምሴ፣
ሬሳ ካልተገኘ አይረጋም መንፈሴ።

«ለየምላሱ ጣዕሙ» ብሎ ማለፍ ነበር፤
የኛ ወዳጅነት ግን በንትርክ ነው የሚከብር።

ሰኔ ላይ የሴቭዳ ዓይን ተጋረደ፣
እንደ አሮጌ ግድግዳ ወረቀት ከውስጥ ተቀደደ።
ፕሎቭዲቭ ወስደው ሰፉላት። ሐኪሙ አላት፦
«ሁለት ሳምንት በደረትሽ፣ ፊትሽ ትራስ ላይ ተደፍቶ።
ቴሌቪዥን አይታሰብ።»
እሷም ደወለችልን፦ «እንግዲያው ማታ ማታ
አንዳችሁ እያያችሁ በስልክ ንገሩኝ።»

እኔ የወር መዝጊያ፣ ራኪፕ የሶፊያ መንገድ፤
ዕጣው ለማን ወጣ? ምድጃ ለሚያነድ።

የመጀመሪያ ለታ ኦግኒያን ጉሮሮውን ጠርጎ
«አለቀሰች። ዝናብ ነበር። በቃ» አለ።
«ምን ለብሳ?»
«ልብስ።»
ስልኩ ውስጥ የሆስፒታል ዝምታ፣ የጋሪ ጎማ ድምፅ።

በማግስቱ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ መጣ።
«ቢጫ ካፖርት ነው» አላት፣ «አንድ ቁልፉ የወጣ።
አማትየዋ ሻይ ስትቀዳ እጇ ተንቀጠቀጠ፤
ልብ በይ፣ ሴቭዳ፣ ይቺ ሴት ፈርታለች።»
በአምስተኛው ማታ ራኪፕ ሲያፏጭ
«ዝም በል!» አለው፤ እኔም ሳቄን ዋጥኩ።

በመቶ አርባ ሁለተኛው ክፍል በረዶ ወረደ፣
ቆርቆሮው ተቀጠቀጠ፣ መብራቱም ሄደ።
ስክሪኑ ጨለመ። ስልኩ ጠራ።
ኦግኒያን በምድጃው ፍም ብርሃን ቆሞ
ያላየውን ማየት ጀመረ፦
«ሀንዳን ወደብ ደርሳለች፤ መርከቡ ሊነሳ ነው፤
አማቷ እየሮጠች፣ ካፖርቱን ይዛ፣
ቁልፏን ሰፍታላት፣ "ልጄ" አለቻት፣
መጀመሪያ ጊዜ፣ "ልጄ"...»
ሴቭዳ ትራሷ ውስጥ ተንሰቀሰቀች።
«ዓይንሽን!» ብለን ሦስታችን ጮኸን፣ «ስፌቱን!»

ሐምሌ ገባ። ፋሻው ተፈታ።
ድጋሚውን አይታ መጣች አንድ ማታ።
መርከብ የለም፤ ቁልፍ የለም፤ አማትየዋ
ደብዳቤውን አቃጥላ እጇን ታጥባለች።
ኦግኒያን ምድጃ ይቆሰቁሳል፣ ሳይኖር የሚነድ እንጨት።
«ቁልፏን ማን ሰፋው?» አለችው።
«እኔ» አለ።
ዝም ብላ ቆየች፤ መነጽሯን ጠረገች።
«አበላሽተኸዋል። እፉኝት መርፌ አትይዝም።»
«ፈርታ ነበር እኮ! እጇን አይቻለሁ!»
«አንተ? ሦስት ሳምንት ያየህ፣ ሦስት ዓመት ላየሁት?»
«የፈራ ሰው ይሰፋል!»
«የፈራ ሰው ያቃጥላል!»
ራኪፕ ገባበት፣ ማንን እንደሚደግፍ ሳያውቅ፤
ዳቦው ደረቀ፣ አይቡ ላበው፣ ክርክሩም አላለቀ።

ሪሞቷ ባለቤት አጥታ ጠረጴዛው ላይ ቀርታ፣
ቀስ ብዬ አነሳኋት፣ እጄን አሹልኬ፣ በዝግታ።
መርማሪው ካፖርቱን ደረበ፤ በአሥረኛው ደቂቃ
ሬሳው ተገኘ፣ ከሐይቁ ዳር፣ ከቄጠማው መሐል፤
ከኔ በቀር ዞሮ ያየው የለም።