ይህ እርስዎ ነዎት?

ጋሽ ዘርጋው አረፉ፣ የእድራችን ዳኛ፣
ሐሙስ ለዓርብ ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ሲተኛ።

ድሮ ቢሆን ኖሮ ጡሩምባ ነበረ፣
ላቀው አንዴ ነፍቶት መንደር ያሸበረ፤
ከዶሮ ማነቂያ ሠራተኛ ሰፈር
ድምፁን ማን ይፈትሻል? ማን ያቆማል ከበር?
ማንም «ማነህ?» ሳይለው ጓዳ ይገባ ነበር።

ዛሬ መንገድ ሰፋ፣ ቆርቆሮው ተነሣ፤
ጥቂት ነን የቀረን እዚሁ ፒያሳ፤
አንዱ አራብሳ ወጣ፣ አንዱ ገላን ገባ፤
እስከዚያ የሚሰማ የት አለ ጡሩምባ?

እኔ ጸሐፊው ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት
ደብዳቤ ስለይ ኖርኩ፣ ከዋናው ፖስታ ቤት።
«ኢሜይል ነው መላው» ብዬ ሳስተባብር
መቶ አርባ ሦስት አድራሻ ሞላሁኝ በደብተር፤
የራሱ የሌለው የልጁን ሰጥቶኝ ነበር።

ጎሕ ሲቀድ ጊዮርጊስ፣ ከኢንተርኔት ቤቱ፣
ረድኤት ከፈተችልኝ፣ ቀድማ ከሰዓቱ።
ጻፍኩ፦
«አስቸኳይ! ዳኛችን አረፉ በድንገት።
ቀብር ጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ በስምንት ሰዓት።
ገንዘብ በዚህ ቁጥር ዛሬውኑ አስገቡ፤
ላልሰማ አሰሙ፣ ከድንኳኑ ግቡ።»

ላክሁት። ለሁሉም፣ ባንዴ፣ ባንዲት ጣት።
መልስ መጣ፦
«አጠራጣሪ እንቅስቃሴ ታይቷል።
ይህ እርስዎ ነዎት?»

ረድኤት ሣቋን ዋጠች። ከዚያ አስረዳችኝ፦
«ማሽን እንባ አያነብ፣ አባባ፣ ይመኑኝ።
ቅርፅ ነው የሚያየው። ሌባው ትናንትና
‹አስቸኳይ› ብሎ ነው ጽሑፉን ሲያቀና፤
‹ገንዘብ አስገቡ› አለ፣ ቁጥርም ሰጠና፤
አንዷን ቃል ለመቶ በተነ በሌት፣
ኮምፒውተሩ የሰው፣ አድራሻው የትላንት።
እርስዎም እንግዲህ፣ አይቆጡኝና፣
የለበሱት ሁሉ የሌባ ልብስ ሆነና…»

ልቆጣ ነበረ።
ግን አንድ ፖስታ ትዝ አለኝ፣ ያበጠ፣
ሙጫው የፈሰሰ፣ ጠርዙ የተላጠ፣
የላኪ ስም የሌለው፣ ለምሥራቅ ጦር ምድብ።
በጣቴ ዳበስኩት። ውስጡ ይንከባለላል።
«ይቆይ» ብዬ ጣልኩት ከአጠራጣሪው ሣጥን።
ስንት ወር እንደተኛ እግዜር ይወቅ።
ሲከፈት ሲባጎ፣ በሁለት ቋጠሮ፦
«የልጅህ እግር ልክ ነው። ጫማ ግዛለት።»
እግሩ እስከዚያ ድረስ መቼ ይጠብቃል?

ዝም አልኩ።

ማሽኑም ቀጠለ፦ «ማረጋገጫ ኮድ
ባስመዘገቡት ስልክ ልከናል» አለ፤
መጨረሻው አርባ ሰባት።
ኢሜይሉን ስንከፍት በዳኛው ስልክ ነበር።

ሠራተኛ ሰፈር፣ ከሟች ትራስ ሥር
ስልኩ ነዘረ አሉ። ሰው ደነገጠ።
ደወልኩላት ለልጃቸው፣ ለአጸደ፤
በልቅሶ መሃል አነበበችልኝ፦
«ሦስት… ዜሮ… ስምንት… ቆይ፣ አይታየኝም…
ስምንት… አንድ… አምስት።»
ጻፍኩት። «እርስዎ ነዎት?» አለኝ ደግሞ።
«አዎ» የሚለውን ተጫንኩ፣ በሳቸው ፈንታ።
የገዛ መርዶአቸውን ጋሽ ዘርጋው አጸደቁ።

ደብዳቤው ተለቀቀ። ግን ከየደጃፉ
ሌላ ዘበኛ አለ፣ ስንቱ ቀረ ከደፉ።
ቀብር ላይ ቆጠርኩን፤ ሠላሳ ስምንት ነን።
አስከሬን ተሸካሚ ከመንገድ ለመንን።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። አመለወርቅ፣ ከአራብሳ።
«የልጄ ልጅ አሁን ከቆሻሻው አገኘው፣
ከሎተሪ ዕጣና ከፀጉር ቅባት መሃል።
እውነት ነው ወይስ ያው፣ የነዚያ የሌቦች ነው?
ደግሞስ አንተ ነህ? ድምፅህ ልክ አልመሰለኝ።
በል፣ የእድር ቁጥሬን ንገረኝ።»

«ሰማንያ ስድስት» አልኳት።

ከዚያ ነው ያለቀሰችው።